ቀነ ገደብ እንደ መሸጫ ዘዴ

የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን «ሱፐር ማሪዮ 64» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ፣ ከሌሎች ሁለት የማሪዮ ጨዋታዎች ጋር በአንድ ጥቅል አድርጎ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2020 «ስዊች» ለተባለው መጫወቻው በ60 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ። ሽያጩ ማርች 31 ቀን 2021 እንደሚያበቃም አስቀድሞ አስታወቀ። ገዢው ተሻማ፤ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ብቻ 5.2 ሚሊዮን ቅጂ፣ እስከ ማብቂያው ቀን ደግሞ ከ9 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ስም ያለው አሮጌ ዕቃ ቀን ሲቆረጥለት እንደ አዲስ ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ «ነገ ይወደዳል» ብሎ ማከማቸት ያከስራል። ኒንቴንዶ ያንኑ ጨዋታ በኦክቶበር 2021 ለአባልነት ለሚከፍሉ ደንበኞቹ መልሶ አቅርቦታል። በባለቤቱ ውሳኔ የመጣ እጥረት በባለቤቱ ውሳኔ ይነሳል።