ሩዝ በሶላር ፓምፕ፦ ከዜናው በፊት ስሌቱ

ጅግጅጋ ውስጥ ሩዝ የማይበላበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ሩዝ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ታዲያ "በሶላር ፓምፕ ውሃ ስበን ለምን እዚሁ አናመርትም?" የሚል ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ግን መልሱ ከአድናቆት ይልቅ በስሌት ቢጀመር እመርጣለሁ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ፓነሉ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ ይሆንና ፓምፑን ያንቀሳቅሳል። ቀን የተሳበው ውሃ በታንከር ስለሚጠራቀም ባትሪ የግድ አይደለም፤ የናፍጣ ወጪም ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ የውሃው መጠን ነው። ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ በቀን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል ብንል፣ ግማሽ ሄክታር 35,000 ሊትር ይፈልጋል። ይህ ባለ 200 ሊትር በርሜል 175 ጊዜ መሙላት ማለት ነው!

ሦስተኛው ጥልቀት ነው። ፓምፑ ከሚወስደው ኃይል ግማሹ ሥራ ላይ ይውላል ብለን ብናሰላ፣ ይህን ውሃ ከ10 ሜትር ለማውጣት በቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከ100 ሜትር ከሆነ ግን 20 ገደማ ይደርሳል። ፓነሉም፣ ዕዳውም በዚያው ልክ ያድጋል።

በጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ የለመደው፣ ክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ነው። ጅግጅጋ ዙሪያ ግን የፋፈን ወንዝ በበጋ ይደርቃል፤ ብዙ የገጠር ነዋሪም የዝናብ ውሃን በቢርካ አጠራቅሞ ነው የሚኖረው። በክልላችን ለሩዝ የተሻለው ቦታ በዋቢ ሸበሌ ዳር ያለው ጎዴ አካባቢ ነው። እዚያም ቢሆን ማሳውን ሁልጊዜ ውሃ ከማስተኛት ይልቅ፣ ውሃው ከአፈሩ በታች 15 ሳንቲ ሜትር እስኪወርድ ጠብቆ እንደገና ማጠጣት ይቻላል። ይህ ዘዴ እስከ 30 በመቶ ውሃ ይቆጥባል።

አንድ አደጋም አለ። ናፍጣ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ሰው ፓምፑን ቶሎ ያጠፋል። ፀሐይ ግን ሂሳብ ስለማትጠይቅ ቀኑን ሙሉ መሳብ ይመጣል። ጉድጓዱ ሲወርድ ግመሎቹን ይዞ የሚመጣው አርብቶ አደር ምን ያጠጣል?

በእኔ አስተያየት በጅግጅጋና በአካባቢው ከተሞች የሶላር ፓምፕ ቅድሚያ ለመጠጥ፣ ለከብትና ለአትክልት ቢውል ይሻላል። እኛም ስለ አዲስ ፓምፕ ስንዘግብ የፓነሉን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱን፣ በቀን የሚሳበውን ውሃና ከዚያው ጉድጓድ ማን እንደሚጠጣ እንጠይቅ።