ወዶ ነው ወይስ አጥቶ? የሸማች ታማኝነት በሱቅ መዝገብ ሲለካ

አንድ ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሳሙና የሚገዛው ወዶት ነው ወይስ ሌላ አጥቶ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሸማቾች ልማድ እንድንጽፍ ስንታዘዝ ግን እኔን በደንብ አድርጎ አሳስቶኛል።

ለእረፍት ወረታ በሄድኩበት ጊዜ አንዲት ባለሱቅ የዱቤ ደብተራቸውን አሳዩኝ። ሳገላብጠው ብዙው ሰው ከወር እስከ ወር አንድ ዓይነት ሳሙና ነው የሚወስደው። እኔም ቶሎ ብዬ «የወረታ ሸማች ለሳሙናው ታማኝ ነው» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። መምህሬ ረቂቁን አዩና «ለመሆኑ ሱቁ ውስጥ ስንት ዓይነት ሳሙና አለ?» አሉኝ። አንድ ብቻ ነበር!

እንግዲህ መዝገብ የተገዛውን እንጂ ከመደርደሪያው የጠፋውን አይጽፍም። የዱቤ ደንበኛ ደግሞ ዕዳ ስላለበት ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል፤ ገበያ ወጥቶ በእጅ በእጅ የገዛው ሌላ ሳሙና ደብተሩ ላይ የለም። የለስላሳውም ነገር እንደዚሁ ነው። ቤቱ የኮካ ሳጥንና ባዶ ጠርሙስ ያለው ሰው፣ ዛሬ ፔፕሲ ልውሰድ ቢል ጣጣው ብዙ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ግን የኮካ ወዳጅ ይለዋል።

ሁለተኛው ስህተት ረቀቅ ያለ ነው፤ እኔም ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሮስ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ የቺካጎ ቤተሰቦችን የግዢ መዝገብ ተጠቅሞ ነበር። ታማኝነትን የለካው ቤተሰቡ አብዝቶ የገዛው ብራንድ ከጠቅላላ ግዢው ስንት በመቶ እንደሆነ በማስላት ነው። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግዢው ጥቂት ሲሆን ግን ያታልላል። እንዴት ቢሉ፣ በአንድ ሱቅ ሁለት ዓይነት ሳሙና አለ፣ 100 ደንበኞችም ለየትኛውም ሳያደሉ ዘውድና ጎፈር እየጣሉ ይገዛሉ እንበል። አንዴ ብቻ ከገዙ 100ውም «መቶ በመቶ ታማኝ» ይባላሉ። ሁለት ጊዜ ከገዙ 50 ያህሉ፣ አራት ጊዜ ከገዙ ደግሞ 12 ወይም 13 ያህሉ ብቻ ታማኝ ሆነው ይገኛሉ። ፍቅሩ ቀንሶ እኮ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም! የተለወጠው የተቆጠረው ግዢ ብዛት ነው።

ይህ በፎገራ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከናበጋ ወይም ከሻጋ አልፎ አልፎ የሚመጣ ገበሬ ደብተሩ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚታይ፣ በየሳምንቱ ከሚገዛው ከተሜ ይበልጥ ታማኝ መስሎ ይወጣል። እኔም «ገጠሬው ልቡ አይወላውልም» ብዬ አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፌ ነበር፤ አሁን ሳነበው አፍራለሁ።

ወቅቱም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት መንገዱ ይከብዳል፤ ሩዙ ተሰብስቦ ሲሸጥ ደግሞ እጅ ላይ ብር ይገባል። የነሐሴን ደብተር ብቻ ይዞ ስለ ፎገራ ሸማች ማውራት ምን ይባላል? በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር መዝገቡን አብዝቶልናል፤ እሱም ቢሆን በስልክ የሚከፍለውን እንጂ ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ የምትከፍለውን እናት አያሳይም።

ረቂቁን ቀድጄ ወደ ባለሱቋ ተመለስኩ። «እትዬ፣ ሌላ ሳሙና ቢያስገቡ ሰዉ ይህን ይተወው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እስኪ አንተው አምጣልኝና እንየዋ!» አሉኝ።