ትምህርት አሥራ አራት፦ ወደብ የሌለው አገርና የባሕር ሕግ

ሀ. የትምህርቱ ዓላማ

በዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው የአመዛዛኝ ድርሰት አጻጻፍ ነው። አመዛዛኝ ድርሰት ለአንድ ጥያቄ የሚቀርቡትን ተቃራኒ አስተያየቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ማስረጃቸውን መርምሮ በመጨረሻ ፍርድ ይሰጣል። ሁለተኛው መብትን፣ ግዴታንና ፈቃድን የሚገልጹ ማሰሪያ አንቀጾች አገልግሎት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ገላን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። በአካባቢዋ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ጅቡቲ ላይ ከባሕር ይደርሳል። በገላን የሚያድግ ልጅ የባሕር ማዕበል አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ግን በየቀኑ ያያል። በጭነት መኪናና በባቡር የሚያልፉት ኮንቴይነሮች ጥቂት ቀደም ብሎ በመርከብ ላይ የነበሩ ናቸው።

ከዚህች ከተማ የወጣች አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ዲግሪዋን በሕግ ከፈጸመች በኋላ፣ «ሁለተኛ ዲግሪዬን በባሕር ሕግ እቀጥላለሁ» አለች እንበል። ጎረቤቶቿ «ባሕር የት አለንና?» ብለው ቢጠይቋት አያስደንቅም። ጥያቄው ቀልድ ይምሰል እንጂ መልስ የሚገባው ነው።

የጠያቂዎቹ አሳብ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲታወጅ አገሪቱ ምጽዋንና አሰብን የመሳሰሉ ወደቦች ነበሯት። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመውም በ1956 ዓ.ም. ነበር። ይሁን እንጂ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። ከዚህም በላይ በየፍርድ ቤቱ የሚበዛው የመሬት፣ የውርስ፣ የጋብቻና የውል ክርክር ነው። የባሕር ሕግን በጥልቀት ለመማርም ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ አገር መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ጊዜውና ገንዘቡ ለሌላ የሕግ ዘርፍ ቢውል አይሻልምን?» የሚለው አሳብ ክብደት አለው።

በሌላ በኩል ግን ወደብ ማጣትና ከባሕር መለየት አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይተላለፋል። የራሱ ጠረፍ ያለው አገር መርከብ ሲገባና ሲወጣ በገዛ ወደቡ በገዛ ሕጉ ያዛል። ወደብ የሌለው አገር ግን መብቱን የሚያስከብረው በውልና በስምምነት ነው። ውሉን አንብቦ የሚረዳለት ሰው ከሌለው፣ በዕቃው ላይ የሚደርሰውን እንኳ በወቅቱ ላያውቅ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የገላን ነጋዴ ከባሕር ማዶ መለዋወጫ ዕቃ አዘዘ እንበል። የመርከቡ ባለቤት ዕቃውን ሲረከብ ነጋዴዎች «ቢል ኦፍ ሎዲንግ» የሚሉትን የጭነት ሰነድ ይሰጣል። ይህ ወረቀት የዕቃው መረከቢያ ደረሰኝ፣ የማጓጓዣው ውል ማስረጃና የባለቤትነት መታወቂያ ነው። ስለ ጭነት ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1924 በብራስልስ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በግልጽ የማይታይ ጉዳት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያዛል፤ ክስም በአንድ ዓመት ውስጥ መመሥረት አለበት ይላል። ሣጥኑ የሚከፈተው ከወደቡ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ገላን ከደረሰ በኋላ ቢሆንስ? ቀኑ የሚቆጠረው ከጅቡቲ ነው ወይስ ከመጨረሻው መድረሻ? መልሱ የሚገኘው በሰነዱ ውስጥ ርክክቡ የት እንደሚፈጸም በተጻፈው ቃል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 548 ባሕሩንና የብሱን በአንድ ውል ስለሚያያይዝ የመልቲሞዳል ማጓጓዣ የደነገገውም ይህን የመሰለ ችግር ስላለ ነው።

የባሕር ሕግ ለየብስ ሰው እንግዳ የሚመስል ደንብም አለው። መርከብ በማዕበል ተይዛ ልትሰጥም ስትል፣ ካፒቴኑ መርከቧንና የቀረውን ጭነት ለማዳን ከዕቃው ከፊሉን ወደ ባሕር ሊጥል ይችላል። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ ዕቃው በተጣለበት ሰው ላይ ብቻ አይወድቅም። ንብረታቸው የዳነላቸው ሁሉ፣ የመርከቡ ባለቤት ጭምር፣ እንደየድርሻቸው ያዋጣሉ። ይህ ደንብ ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የተወረሰ ነው። እንግዲህ ዕቃው በደኅና የደረሰለት ነጋዴ «ክፈል» ሲባል፣ ደንቡን የሚያስረዳው የሕግ ባለሙያ ከሌለ የተዘረፈ ሊመስለው ይችላል።

ትምህርቱ ወዴት ይገኛል? የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ጉዳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 በማልታ ደሴት ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ተቋም አቋቁሟል። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከመቀመጫዎቹም ግማሹ ለሴቶች የተጠበቀ ነው። ለማስተርስ ዲግሪ የሚቀመጥ ተማሪ ከጥናታዊ ጽሑፉ ሌላ አንድ ልዩ ሥራ ይጠበቅበታል፤ ይኸውም አንድን ዓለም አቀፍ ስምምነት ወደ አገሩ ሕግ ለማስገባት የሚያስችል የሕግ ረቂቅ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ የትምህርቱ መጨረሻ ድርሰት ነው ማለት ይቻላል። ስሕተቱ ግን እንደ ትምህርት ቤት ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ብቻ ታርሞ አይቀርም፤ አዋጅ ሆኖ ቢወጣ በአገር ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናያለን። የ1952ቱ የባሕር ሕግ በመጀመሪያ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ነው ወደ አማርኛ የተመለሰው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ ግን የመጨረሻ ሥልጣን ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን የ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 3 ደንግጓል። እንግዲያው በውጭ አገር የተማረች የባሕር ሕግ ባለሙያ አማርኛዋ ቢደክም ዕውቀቷ ከወደቡ ሳይነሣ ይቀራል።

ሁለቱን ወገኖች ስናመዛዝን ፍርዱ ይህ ነው። የሕግ ተማሪ ሁሉ የባሕር ሕግ ይማር ማለት አይገባም፤ የጠያቂዎቹ አሳብ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ነገር ግን ሕይወቱ በሌላው ጠረፍ የሚያልፍ አገር ጥቂት የጠለቁ የባሕር ሕግ ሊቃውንት ያስፈልጉታል፤ ወደብ ከማጣቱም የተነሣ ፍላጎቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ለዚያች ወጣት ጎረቤቶች የሚሰጠው መልስ «ባሕር ስለሌለን ነው የምማረው» የሚል ይሆናል።

ሐ. ሰዋስው፦ መብት፣ ግዴታና ፈቃድ

የሚከተሉትን ማሰሪያ አንቀጾች አስተውሉ።

1. «መብት አለው» ሲባል ባለመብቱ ይጠይቃል፤ ሌላው ወገን ሊከለክለው አይገባም።
2. «አለበት» ሲባል ግዴታ ነው፤ ባይፈጽመው ተጠያቂ ይሆናል።
3. «ይችላል» ሲባል ምርጫው የአድራጊው ነው፤ ቢያደርገውም ባያደርገውም አይወቀስም።

እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 125 ስለ ወደብ አልባ አገሮች ይናገራል። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ወደብ አልባ አገር ወደ ባሕር የመውጣትና ከባሕር የመመለስ መብት አለው። የአፈጻጸሙ ዝርዝር ግን ከመተላለፊያው አገር ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል። የመተላለፊያው አገርም ሕጋዊ ጥቅሙ እንዳይነካ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ መብት አለው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ የተነሣ ሰው በሩ የተከፈተለት ይመስለዋል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያነበበ ግን ቁልፉ በድርድር እንደሚገኝ ይረዳል። እንዲሁም ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በዚያው ዓመት ፈርማለች፤ ነገር ግን «ፈረመች» እና «አጸደቀች» የሚሉት ግሦች በሕግ ፊት የተለያየ ውጤት አላቸው። መፈረም ለስምምነቱ አሳብ መቀበልን ሲያሳይ፣ ማጽደቅ ግን በግዴታው መታሰርን ያመለክታል።

መ. መልመጃ

1. «ወደብ ማጣትና ከባሕር መለየት አንድ አይደሉም» የሚለውን አሳብ በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
2. ደራሲው የተቃራኒውን ወገን አስተያየት ያስቀደመው ለምን ይመስላችኋል? ቢያስከትለው ኖሮ የድርሰቱ ኃይል ይጨምር ነበር ወይስ ይቀንስ?
3. «ነጋዴው ጉዳቱን በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መግለጥ አለበት» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «መግለጥ አለበት» የሚለውን «መግለጥ ይችላል» በሚለው ተኩና ትርጉሙ እንዴት እንደተለወጠ አስረዱ። የሚጠቀመውና የሚጎዳውስ ማን ነው?
4. ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያ የማትስማሙበትን አስተያየት ባለቤቱ ራሱ «አሳቤን በትክክል ገልጸኸዋል» እስኪል ድረስ በሚገባ አቅርቡ።
   ሀ) በጋራ ጉዞ ላይ የአንዱ ንብረት ሌላውን ለማዳን ቢጠፋ፣ ኪሣራውን ሁሉም ሊካፈሉት ይገባል ወይስ አይገባም?
   ለ) አንድ ተማሪ የሚማረውን ሙያ በአካባቢው በሚያየው ሥራ መወሰን ይገባዋል ወይስ አይገባውም?