ጡንቻ ቅዳሜና እሑድን አያውቅም

ከሚኤሶ ዳገቱን ይዞ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በእግሩ የሚወጣ ሰው የጭኑ ጡንቻ ሲሠራ ይሰማዋል። ከስብራት የሚያገግም ሕሙም ግን በዕረፍት የመነመነውን ጡንቻ አስቀድሞ ማጠንከር አለበት።

ተቀምጠን እግራችንን አግድም እንዘርጋ። ከጉልበት 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ 1 ኪሎ ግራም አሸዋ 10 ኒውተን ያህል ክብደት አለው። የጉልበት ጅማት ከመገጣጠሚያው ማዕከል የሚርቀው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለአሸዋው ብቻ 100 ኒውተን መሳብ ይኖርበታል። ቀላሏ ከረጢት እንኳ በቂ ሥራ ትሰጣለች ማለት ነው።

ሕክምናው ዓርብ ከቆመ ከ7 ቀናት 2ቱ ይባክናሉ። በሜልበርን 996 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የቅዳሜ ሕክምና የተጨመረላቸው ራሳቸውን በመቻል ብልጫ እንዳሳዩ አረጋግጧል። እንግዲህ ባለሙያው የፈቀደው የቤት ልምምድ በሰንበትም አይቋረጥ።