ብርሃን የጻፈው ምስልና ኮምፒውተር የሠራው ምስል

ፎቶግራፍ የሚለው ስም ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን ትርጉሙም «በብርሃን መጻፍ» ማለት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ፎቶግራፍ እንዲኖር አንድ ነገር በካሜራው ፊት መገኘት፣ ከዚያ ነገር የተንጸባረቀው ብርሃንም በሌንሱ በኩል አልፎ አሻራውን ማሳረፍ ይኖርበታል። የሰው ልጅ ፎቶግራፍን ለረዥም ዘመን እንደ ምስክር ሲቀበለው የኖረው በዚህ አካላዊ ግንኙነት ምክንያት ነው። ዛሬ ግን በካሜራ ፊት ጨርሶ ያልነበረን ነገር ፎቶግራፍ አስመስለው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ባለው በማንኛውም የእጅ ስልክ ይገኛሉ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ምስሎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ከካሜራ ምስል በምን እንደሚለዩና በፎቶግራፍ ላይ ያለንን እምነት እንዴት እንደሚሸረሽሩ እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከወሎ፣ በተለይም ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች ነው። ይህን ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶግራፍ ሲታመንና ሳይታመን ሲቀር የሚፈጠረው ልዩነት የሰው ሕይወት ሊሆን እንደሚችል ወሎ በታሪኩ አይቷልና።

ፎቶግራፍ በወሎ ታሪክ

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በመቅደላ ላይ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ያሉበት የመሐንዲሶች ክፍል ነበረው። እነርሱ ያነሷቸው ምስሎች በአገራችን ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ የፎቶግራፍ ምስክርነት ኃይል በወሎ ጎልቶ የታየው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ በመንግሥት በኩል ተሸፍኖ ቆይቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስፍራው የተጓዙ መምህራን ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ለእይታ ቀረቡ። ቀጥሎም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጸው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ረሃቡን አወቀ፤ እርዳታም መምጣት ጀመረ። ከ11 ዓመት በኋላም፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ በወቅቱ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ተመሳሳይ ውጤት አስገኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን በወረዱበት ቀን ዋዜማ፣ የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው ከቤተ መንግሥት ግብዣ ትዕይንቶች ጋር እየተፈራረቀ ነበር። እያንዳንዱ ምስል እውነተኛ ቢሆንም ለተመልካቹ ልዩ ትርጉም የሰጠው የአቀናባሪው እጅ ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ ቀድሞም ቢሆን ከሰው ዓላማ ነጻ አልነበረም። ሆኖም ምስሉን ካየ በኋላ «ረሃብ የለም» ብሎ የሚያሳምን ሰው ሊገኝ አልቻለም። ዛሬ አደጋ ላይ የወደቀው ይኸው ኃይል ነው።

ካሜራ ምን ይመዘግባል?

በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ በስተኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች የተደረደሩበት የሲሊከን ሰሌዳ አለ። ፎቶን የምንለው የብርሃን ቅንጣት በአንዱ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። የተጠራቀሙት ኤሌክትሮኖች ብዛት ተለክቶ የዚያ ነጥብ፣ ማለትም የፒክስሉ፣ ብሩህነት ይሆናል።

ፎቶኖች በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚደርሱ ባለመሆናቸው ቆጠራው ይዋዥቃል። የመዋዠቁ መጠን የቆጠራው ስኩዌር ሩት ነው። በአንድ ፒክስል 10,000 ኤሌክትሮን ቢጠራቀም መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ይሆናል፤ 100 ብቻ ቢጠራቀም ግን 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይደርሳል። በምሽት የተነሣ ፎቶግራፍ ሻካራ የሚመስለው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ተቀባዮቹ ሲመረቱ ጥቃቅን ልዩነት ስለሚኖራቸው እያንዳንዱ ካሜራ በሚያነሣው ምስል ሁሉ ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ የራሱን ምልክት ይተዋል። የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች አንድ ምስል ከየትኛው ካሜራ እንደወጣ ለመለየት ይህን ይጠቀሙበታል።

ኮምፒውተር ምስል የሚሠራው እንዴት ነው?

አንድ የቀለም ጠብታ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ ብንጨምር ቀስ በቀስ ተበትኖ ቅርጹ ይጠፋል። ይህን የፊዚክስ ሐሳብ መነሻ በማድረግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዲፊውዥን የተባለ ዘዴ አዳብረዋል። በዚህ ዘዴ በመጀመሪያ በእውነተኛ ምስሎች ላይ የዘፈቀደ ነጥቦች ደረጃ በደረጃ እየተጨመሩ ምስሉ እስኪጠፋ ድረስ ይበተናል። ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ የተባለው ፕሮግራምም በየደረጃው የተጨመረውን ለይቶ መቀነስን ይማራል። ትምህርቱን ሲጨርስ ከባዶ የነጥቦች ዝብርቅ ተነሥቶ፣ በተሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ እየተመራ፣ ዝብርቁን በመቀነስ ከዚህ በፊት ያልነበረ ምስል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊውዥን የተባሉት ፕሮግራሞች ለሕዝብ ሲከፈቱ ይህ ችሎታ በማንም እጅ ገባ።

መሠረታዊው ልዩነት ይህ ነው። ካሜራ አንድ የተወሰነ ቦታንና ቅጽበትን ይለካል፤ ፕሮግራሙ ግን በተማራቸው ምስሎች ላይ ተመሥርቶ መስሎ ሊታይ የሚችለውን ያወጣል። «በደንቆሮ ጫካ የቆመ ቀይ ቀበሮ» ብለን ብናዝዘው በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አንድም ቀበሮ ሳይታይ የቀበሮ ምስል ይሰጠናል። ምስሉ ያምር ይሆናል፤ ስለ ፓርኩ ግን የሚነግረን ነገር የለም።

ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው

የመጀመሪያው ጉዳት ሐሰቱ መታመኑ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ፍራንሲስ ነጭ የብርድ ጃኬት ለብሰው የሚያሳየውን ሰው ሠራሽ ምስል ብዙዎች እውነት ነው ብለው ተቀበሉት። በዚያው ዓመት ግንቦት 22 ቀን ደግሞ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አጠገብ ፍንዳታ እንደደረሰ የሚያሳይ ሐሰተኛ ምስል የአክሲዮን ገበያውን ለአጭር ጊዜ አናግቶ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት ግን ይበልጥ የከፋ ይመስለናል፤ ይኸውም እውነቱ መካዱ ነው። የጋቦን ፕሬዚዳንት የነበሩት አሊ ቦንጎ ታመው ከሕዝብ ዓይን ከራቁ በኋላ ለእ.ኤ.አ. 2019 አዲስ ዓመት ያስተላለፉት የቪዲዮ መልእክት በኮምፒውተር የተሠራ ነው ተብሎ ተወራ። ከሳምንት በኋላም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። ቪዲዮውን የመረመሩ ባለሙያዎች ሐሰተኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አላገኙበትም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በወቅቱ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ የተፎካካሪያቸውን የዲትሮይት ሰልፍ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ነው ብለው ነበር። ሰልፈኛውን ግን በቦታው የነበሩ በርካታ ጋዜጠኞች በየካሜራቸው ቀርጸውታል። አሜሪካውያን የሕግ ምሁራን ሮበርት ቼስኒና ዳንዬል ሲትሮን ይህን ክስተት «የዋሾ ትርፍ» ብለውታል። ሐሰተኛ ምስል በበዛ ቁጥር እውነትን የሚክድ ሰው ይጠቀማል ማለት ነው።

ይህን ወደ አገራችን እናምጣው። በሳይንት ወይም በቦረና አንድ ገበሬ በረዶ ያወደመውን ገብሱን በስልኩ አንሥቶ በቴሌግራም ለወረዳው ቢልክና ተቀባዩ «ይህ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ቢለው ምን መልስ ይኖረዋል? በ1966 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ማምለጫ ቢኖር ኖሮ የወሎ ረሃብ ምስሎች ምን ዕጣ ይገጥማቸው ነበር? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ረሃብ ግን እውነት እስኪጠራ አይጠብቅም።

ጥላ ይመሰክራል

እውነተኛውን ምስል ለመከላከል ከፊዚክስ የምናገኘው አንዱ መሣሪያ ጥላ ነው። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10.7 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ትገኛለች። በመሆኑም ሚያዝያ 10 እና ነሐሴ 19 አካባቢ ፀሐይ በእኩለ ቀን በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል፣ ማለትም ክረምቱን ጨምሮ፣ የእኩለ ቀን ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። የፀሐይ እኩለ ቀን በሰዓታችን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ መሆኑንም እናስታውስ።

ሰኔ 14 ቀን ፀሐይ በ23.4 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትሆን ከአናታችን ያላት ርቀት 23.4 − 10.7 = 12.7 ዲግሪ ነው። የ12.7 ዲግሪ ታንጀንት 0.225 በመሆኑ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ጥላ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ታኅሣሥ 12 ቀን ግን ርቀቱ 23.4 + 10.7 = 34.1 ዲግሪ ስለሚሆን የዚያው ሰው ጥላ 1.15 ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ስለዚህ «በታኅሣሥ እኩለ ቀን መካነ ሰላም ላይ የተነሣ» የተባለ ምስል ጥላው ወደ ደቡብ ከሆነ፣ ከተባለው ጊዜ ወይም ቦታ አንዱ ሐሰት ነው።

ጊዜና ቦታው ባይታወቅም ሌላ ፈተና አለ። በአንድ ሜዳማ ስፍራ ፎቶግራፍ ላይ ከእያንዳንዱ ጥላ ጫፍ ተነሥተን ጥላውን በጣለው ነገር ጫፍ በኩል ቀጥታ መስመር ብንሰምር፣ የፀሐይ ብርሃን ከአንድ ምንጭ ስለሚመጣ መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ዲፊውዥን ፕሮግራም ይህን የጂኦሜትሪ ሕግ በስሌት ስለማይሠራበት ብዙ ጊዜ ይስታል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈተናውን የወደቀ ምስል ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ያለፈ ምስል ግን በማለፉ ብቻ እውነተኛ ሆነ ማለት አይደለም። ፕሮግራሞቹ በየጊዜው እየተሻሻሉ ስለሆነም በጣት ቆጠራ ብቻ መተማመን ከእንግዲህ አያዋጣም።

መርማሪ ፕሮግራሞችስ?

ሐሰተኛ ምስልን እንለያለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ። አስተማማኝነታቸውን በምሳሌ እንመርምር። አንድ መርማሪ እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ በትክክል ይለያል እንበል። ከ1,000 ምስሎች 20ዎቹ ሐሰተኛ ቢሆኑ መርማሪው ከእነርሱ 19 ይይዛል። ከቀሩት 980 እውነተኛ ምስሎች ግን 5 በመቶውን፣ ማለትም 49ኙን፣ «ሐሰተኛ» ይላቸዋል። እንግዲህ «ሐሰተኛ» ከተባሉት 68 ምስሎች 49ኙ፣ ማለትም 72 በመቶ ያህሉ፣ እውነተኛ ናቸው። ጥሩ የሚመስል መርማሪ እንኳ ሳይታሰብ የካጆች አጋዥ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ምስሎች በማኅበራዊ ድረ ገጾች ሲላኩ ስለሚታመቁ ከላይ ያነሣነው የካሜራ አሻራ ይደበዝዛል፤ የተነሡበትን ጊዜና ቦታ የሚይዘው መረጃም ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።

ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የካሜራና የሶፍትዌር ኩባንያዎች የምስልን አመጣጥ በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጥ የጋራ ደንብ አዘጋጅተዋል። ይህን የያዙ ካሜራዎች ግን በአብዛኞቻችን እጅ አይገኙም። እስከዚያው የሚከተሉትን እንመክራለን።

1ኛ. ለምስክርነት የሚሆን ፎቶግራፍ ስናነሣ አንድ ብቻ ሳይሆን ከተለያየ አቅጣጫ ብዙ እናንሣ፤ የሚታወቅ ተራራ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በምስሉ ውስጥ ይግባ።

2ኛ. ዋናውን ፋይል ሳናጠፋ እናስቀምጥ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች በማስታወሻ እንመዝግብ።

3ኛ. ያገኘነውን ምስል ከማስተላለፋችን በፊት በምስል መፈለጊያ ገጾች ቀድሞ የት እንደታየ እንመርምር። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከሌላ አገር የተወሰዱ ምስሎች የእኛ ተብለው ሲሰራጩ አይተናልና፣ ሐሰተኛ ምስል ሁሉ የግድ በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም።

4ኛ. «ይህ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» የሚል ሰውም እንደ ማንኛውም ተናጋሪ ማስረጃ ያቅርብ። ያለ ማስረጃ ማመን ስሕተት እንደሆነ ሁሉ ያለ ማስረጃ መካድም ስሕተት ነው።

ከእንግዲህ ፎቶግራፍ ለብቻው ምስክር ሆኖ መቆም ያዳግተዋል። የአንሺው ስም፣ ጊዜውና ቦታው፣ ሌሎች ምስሎችና የዓይን እማኞች አብረውት መቆም አለባቸው። በቤተ ሙከራ አንድ ልኬት በሌላ ልኬት ሳይረጋገጥ እንደማንቀበለው ሁሉ ምስልንም በዚሁ ሥርዓት እንመርምረው። ተጠራጣሪ ሁሉን የሚክድ ሰው አይደለም፤ መርምሮ እውነተኛውን «እውነት ነው» ለማለት የሚደፍር ጭምር ነው።

መልመጃ

መጋቢት 12 አካባቢ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ፀሐይ በምድር ወገብ ላይ ትሆናለች። በመካነ ሰላም 1 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ብሎ የተተከለ በትር በፀሐይ እኩለ ቀን የሚጥለው ጥላ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ወደ የትኛው አቅጣጫስ ይወድቃል? (መልስ፦ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ወደ ሰሜን።) ስሌቱን ከጨረሳችሁ በኋላ የራሳችሁን ከተማ ኬክሮስ ፈልጋችሁ በትሩን በግቢያችሁ ተክላችሁ ለኩ። የለካችሁትንም ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከዚህ በላይ በሰጠነው ምክር መሠረት።