በዐቢይ ጾም ልጆቻችንን በቤት እንዴት እናስተምር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አንድ ዓመት በዚሁ በጾሙ ወቅት ትንሿን ልጄን የስምንቱን ሳምንታት ስም አስጠናኋት። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና ብላ አንበለበለችው። ደስ አለኝ። «መጻጉዕ ማነው?» ብዬ ብጠይቃት ግን «አገር ነው» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። ስሙን ሰጠኋት እንጂ ታሪኩን አልነገርኳትም።

እግዚአብሔር ልጆች እንዲማሩ ያዘዘበት መንገድ ከዚህ ይለያል። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች እንዲያነሡ አዘዘ። ልጆች ወደፊት ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች የሆነውን ሁሉ እንዲነግሯቸው ነው (ኢያ. 4፥1-7)። የፋሲካውም ሥርዓት ልጅን ለጥያቄ የሚያነሣሣ ነበር (ዘጸ. 12፥26-27)። መጀመሪያ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ ከዚያም ትምህርት። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ታሪኩን ከግድግዳው ሥዕል ሲማር ኖሯል። ላሊበላን የተሳለመም ዮርዳኖስ የተባለውን ስፍራ በዓይኑ አይቶ ይመለሳል።

እዚህ ዲቾቶ ኑሯችን ከመንገዱ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ጋላፊና ጅቡቲ የሚወርደው፣ ከዚያም የሚመለሰው ከባድ መኪና ብዙ ነው። አባት መሪ ጨብጦ፣ እናት ምግብ ቤት ስትሠራ ይውላሉ። ልጅ ስለ ጾም ከእኛ የሚሰማው «ወተት የለም፣ ሥጋ አትንካ» ብቻ ከሆነ፣ ጾም ለእርሱ ክልከላ ሆኖ ይቀራል። ሰንበት ትምህርት ቤት ያግዘናል እንጂ አይተካንም። ጢሞቴዎስም እምነቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2ጢሞ. 1፥5)።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፀሐይ ጠልቃ ሙቀቱ ሲበርድ ደጅ ላይ ሰሌን አንጥፉ። ለምሳሌ የመጻጉዕን ታሪክ እንውሰድ (ዮሐ. 5፥1-9)። ልጆቹ 38 ጠጠር ይልቀሙና አንድ በአንድ ይቁጠሩ። አንዱ ጠጠር አንድ ዓመት ነው። መሰልቸታቸው አይቀርም፤ ግን አታስቁሟቸው። መቁጠሩ ይህን ያህል ካሰለቸ ያን ሁሉ ዓመት ታሞ መተኛት እንዴት እንደሚከብድ ይገባቸዋል። ከዚያ በሳፋ ውኃ አስቀምጡ። አንዱ ሰሌኑ ላይ ይተኛ፣ ሌሎቹ እየቀደሙት ውኃውን ይንኩ። የተኛውን «ምን ተሰማህ?» በሉት። መጻጉዕም ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንዳልነበረው ንገሩት። ጌታችን የተናገረውን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንብቡለት፤ ከዚያ ይነሣና ሰሌኑን ጠቅልሎ ተሸክሞ ይሂድ።

በመጨረሻም «በሰፈራችን ሰው የሌለው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤት ያለች አሮጊት ትሆናለች፣ ወይም መንገድ ላይ ታሞ የቀረ ረዳት። በማግስቱ ከምትመገቡት ላይ ቀንሳችሁ ልጁ ራሱ ይዞ ይሂድ። ጾም ከምጽዋት ጋር እንደሆነ ያን ጊዜ በእጁ ይማራል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። በገብር ኄር 5፣ 2 እና 1 ሳንቲም አካፍሏቸው፤ ባለ አንዱ አሸዋ ውስጥ ይቅበረው። ቆፍሮ ሲያወጣው ያው አንድ ነው። በኒቆዲሞስ መብራት አጥፉና በጨለማ በለሆሳስ አውሩ፤ እርሱ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነበርና። በሆሳዕና ዘንባባውን ራሳቸው ይጎንጉኑ።

ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። ጌታችንን ሆኖ ማንም አይጫወት፤ ቃሉ ከመጽሐፉ ይነበብ። ያልገባንን ደግሞ ከራሳችን አንጨምር፤ የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ።

አባት መንገድ ላይ ከሆነስ? ማታ ሲደውል ልጁ ታሪኩን ይንገረው። የተማሩትን የሚያጸናው መልሶ መናገር ነው፤ አባትም መኪናው ውስጥ ሆኖ ቃለ እግዚአብሔር ይሰማል።

ልጄ ዛሬ መጻጉዕ ማነው ሲሏት «ሰው ያልነበረው፤ ጌታ ራሱ የመጣለት» ትላለች። የእናንተም ልጆች እንዲህ ለማለት ይብቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።