ወረቀት ቀነስን ማለት አካባቢን ጠበቅን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። አንድ አቅራቢ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በነፍስ ወከፍ ታብሌት እንድንገዛ ሐሳብ አቅርቦልናል። «ወረቀት አልባ ትምህርት ቤት ትሆናላችሁ፤ ዛፍ ታድናላችሁ» ይለናል። በኮምፒውተር ክፍላችን ያሉት 22 ዴስክቶፖችም ዊንዶውስ 11 ስለማይቀበሉ አስወግዷቸው ብሎናል። የወላጅ ኮሚቴው ወዶታል፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ልጆችም በጣም ደስ ብሏቸዋል። እኔን ግን የገንዘቡ ነገር ያሳስበኛል፤ በእርግጥ አካባቢን ይጠቅማል የሚለውም አልዋጥልኝ ብሏል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አልዋጥልኝ ማለትዎ ትክክል ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ለአንድ ታብሌት ማዕድኑ ተቆፍሮ፣ ፋብሪካ ገብቶ፣ ተገጣጥሞ እስኪወጣ ድረስ አየር ላይ የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ወረቀቱን ደግሞ እንመዝነው። አንድ ኤ4 ወረቀት 5 ግራም ነው፤ 500 ቅጠል ያለው እሽግ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ኪሎ ወረቀት ለማምረት የሚወጣው ጋዝ እንደ ፋብሪካው ቢለያይም በግርድፉ አንድ ኪሎ ብንለው፣ አንዱ ታብሌት ገና ሳይከፈት የ40 እሽግ፣ ማለትም የ20 ሺህ ቅጠል ዕዳ ተሸክሞ ነው ግቢዎ የሚገባው። የወረቀቱን ጉዳት እጥፍ አድርገን ብናስበው እንኳ 10 ሺህ ቅጠል ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩ፣ ፈተናውና መልመጃው ተደምሮ በዓመት ወደዚያ አይጠጋም። ታብሌት ደግሞ በልጅ እጅ ሦስት አራት ዓመት ከቆየ ብዙ ቆየ ነው።

በእኛ አገር ይህ ሒሳብ ይበልጥ ይከብዳል። መብራታቸውን ከድንጋይ ከሰል በሚያገኙ አገሮች አሮጌ መሣሪያን በአዲስ መተካት የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ስለሚቀንስ በከፊል ሊያዋጣ ይችላል። የእኛ መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት ጨምሮበታል። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ጄኔሬተር ላይ ካልተሰካ በስተቀር ሲሠራ የሚያስወጣው ጋዝ ጥቂት ነው። አብዛኛው ጉዳት ያለው ሲመረትና ሲጣል ነው። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚበልጠው የአካባቢ ጥበቃ ሥራ በእጁ ያለውን መሣሪያ ዕድሜ ማራዘም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ምን ፋይዳ አለው? አለው፤ ግን አቅራቢው በነገራችሁ በኩል አይደለም። በእንግሊዝ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረጉት ጥናት በርቀት የሚሰጥ ትምህርት ግቢ ውስጥ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ተማሪ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ85 በመቶ ይቀንሳል። ትልቁ ምክንያት የተማሪዎች ጉዞና መኖሪያ መቅረቱ ነው። ይኸው ጥናት በኮምፒውተር የሚሰጠውን የርቀት ትምህርት በታተመ መጽሐፍ ከሚሰጠው ጋር ሲያነጻጽር ግን ያገኘው ልዩነት 12 በመቶ ብቻ ነው። ቁም ነገሩ መንገዱን ማስቀረት ነው እንጂ ወረቀቱን በስክሪን መተካት አይደለም።

ወደ እናንተ እናምጣው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መምህራንን ለአንድ ቀን ሥልጠና ጭኖ ደርሶ የሚመለስ ናፍጣ ሚኒባስ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢፈጅ 26 ሊትር ያቃጥላል። ከዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቅድም ባሰላነው መንገድ ከ28 እሽግ ወረቀት ጋር ይተካከላል። በዓመት ከእንዲህ ያሉ ጉዞዎች ጥቂቱ እንኳ በቪዲዮ ስብሰባ ቢተካ፣ ወላጅ ለአንድ ፊርማ የሚመላለስበት ጉዳይ በቴሌግራም ቢያልቅ፣ ያለ ምንም አዲስ ግዢ ብዙ ተሠራ ማለት ነው።

መማሪያ መጽሐፉን ግን ከልጆቹ እጅ አይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችንና ከ170 ሺህ በላይ አንባቢዎችን ያካተተ ትንተና እንዳሳየው፣ ሰው መረጃ ሰጪ ጽሑፍን ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ሲያነብ የተሻለ ይረዳል፤ በተለይ ጊዜ ሲያጥር። በዓመቱ መጨረሻ ተመልሶ፣ ጀርባው ተለጥፎ ለቀጣዩ ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ አራት ዓመት ካገለገለ ለአካባቢም የሚደርስበት የለም። የሚባክነው ወረቀት ፎቶኮፒ ክፍሉ ውስጥ ነው። ፈተና በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ይታተም፤ ሳምንታዊ መለማመጃ ጥያቄዎች ወደ ኮምፒውተር ክፍል ይዙሩ።

አሁን ወደ 22ቱ ዴስክቶፖች ልምጣ፤ የደብዳቤዎ ዋና ጉዳይ ለእኔ እነሱ ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነጻ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። ይህ ማለት ግን ማሽኑ ሞቷል ማለት አይደለም። አንዱን ይክፈቱት፤ አቧራውን በብሩሽና በንፋስ ያጽዱ። የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነቅለው ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይግጠሙ፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ 8 ያድርጉት። ከዚያ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ስርዓተ ክወና ይጫኑበት፤ ነጻ ነው፣ የደኅንነት እድሳትም ያገኛል። ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማሽን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲነሳ ያያሉ። ለሃያ ሁለቱም የሚወጣው ገንዘብ በነፍስ ወከፍ ታብሌት ከመግዛት ያንሳል።

ከሃያ ሁለቱ አንዱን ሰርቨር ያድርጉት። ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የካን አካዳሚን ትምህርቶች ጨምሮ ብዙ ነገር ይዞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ትምህርት ሚኒስቴር በፒዲኤፍ ያወጣቸውን መማሪያ መጻሕፍትም ሊጨምሩበት ይችላሉ። ኪዊክስ ደግሞ ሙሉውን የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ትንሽ በሚበልጥ ቦታ ያስቀምጥልዎታል። አንድ ራውተር ካለ በክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮችና የመምህራኑ ስልኮች ሁሉ ከዚያ ያነባሉ። ኔትወርክ ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም።

ከዚህ በፊት የሆነውንም አንርሳ፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለውን «ፕላዝማ» ቴሌቪዥን ያስታውሱታል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ስክሪኑ ሲበላሽ ግን መለዋወጫም ጠጋኝም ስለሚጠፋ በየቦታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። መሣሪያ ሲገዛ ጥገናው አብሮ ካልታሰበ የሚሆነው ይኸው ነው።

የግድ የሚወገድ ነገር ካለ ከቆሻሻ ጋር አይቀላቅሉት። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። ትልቅ ጀርባ ያለው የድሮ ሞኒተር ካላችሁ መስታወቱ ውስጥ ከኪሎ የሚበልጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። የዩፒኤስ ባትሪም እርሳስና አሲድ ነው፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኬብል አቃጥሎ መዳብ ማውጣትም መርዘኛ ጭስ ያመጣል፤ ጥበቃው ወይም ቆራሊዮ ይህን እንዳያደርግ አደራ። አገራችን ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ራሱን የቻለ ደንብ በ2010 ዓ.ም. ስላወጣች የከተማችሁን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የት እንደምታስረክቡ በደብዳቤ ጠይቁ።

የክበቡ ልጆች ደስታ ግን እንዳይባክን። ትምህርት ቤቱ በወር ስንት እሽግ ወረቀት እንደሚጨርስ እነሱ ይቁጠሩ፤ የቆጣሪውን ንባብ በየሳምንቱ ይመዝግቡ። በክረምት የተከሏቸውን ችግኞችም ከመምህራቸው ጋር በስልክ ፎቶ አንስተው ቦታቸውን ይያዙ፤ ጥር ላይ ተመልሰው የትኛው እንደጸደቀ፣ የትኛውን ከብት እንደበላው ያስገቡ። ሠንጠረዡን በዚያው በታደሰው ኮምፒውተር ይሥሩት።

አቅራቢው ተመልሶ ሲመጣ በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠይቁት፦ ባትሪው ሲደክም እዚሁ አገር ይቀየራል ወይ? የሶፍትዌር እድሳቱ እስከ ስንት ዓመት ነው? የተሰበረውን መልሳችሁ ትረከባላችሁ ወይ? ሦስቱንም በእርግጠኝነት ከመለሰ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን ለአንድ ክፍል የሚበቃ ብቻ ይግዙ፤ ክፍሎቹም በየተራ ይጠቀሙበት። ካልመለሰ ገንዘቡን ለኤስኤስዲውና ለራሙ ያውሉት።